ጥልቀት በሌለው ባሕረ ሰላጤ ከዳርቻ ገብቶ መጥለቅና የባሕር ፍጥረታትን መመልከት

የባሕርን ፍጥረታት በቅርብ ለማየት በጀልባ ርቆ መሄድና ወደ ጥልቁ መውረድ ግድ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ከኃይለኛ ሞገድ የተከለለ፣ ጥልቀቱ ከ3 እስከ 8 ሜትር ብቻ የሆነና ውኃው በየቀኑ እየሞላ የሚጎድል ባሕረ ሰላጤ፣ በእግሩ ከዳርቻ ለሚገባ ጠላቂ ከብዙ ጥልቅ ስፍራዎች የበለጠ ልዩ ልዩ ሕይወት ያሳያል። የፀሐይ ብርሃን እስከ ወለሉ ስለሚደርስ የባሕር ሣርና አልጌ በሰፊው ይበቅላሉ፤ በእነርሱ መካከል ብዙ ፍጥረታት እንቁላላቸውን ይጥላሉ፣ ገና የተፈለፈሉ ዓሦች ተሸሽገው ያድጋሉ፣ እነዚህን የሚያድኑትም ይከተሏቸዋል። ከውጭው ባሕር የሚገባው ሙላት ደግሞ በየጊዜው አዲስ ውኃና ምግብ ያመጣላቸዋል።

የጥልቀቱ ማነስ ግን ጠላቂውን ሊያዘናጋው አይገባም። በጥልቅ ባሕር የቆይታውን ልክ የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አየርና በሰውነት ውስጥ የሚጠራቀመው ናይትሮጅን ነው። እንዲህ ባለው ሰላጤ ግን የመግቢያውንም የመውጫውንም ሰዓት የሚቆርጠው የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ነው። ሌላው ዝግጅት ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ስለሆነ፣ በእኔ እምነት ከመሣሪያው አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባው ሰዓቱ ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው የመጥለቅ መሠረታዊ ሥልጠና ወስደው የምስክር ወረቀት ላገኙ ሰዎች ነው። ያልሠለጠነ ሰው በአየር ሲሊንደር መጥለቅ የለበትም፤ በማስክና በስኖርክል (በመተንፈሻ ቱቦ) ከላይ እየተንሳፈፈ ለሚመለከት ሰው ግን ስለ ሙላትና ጉድለት፣ ስለ አገባብና ስለ አመለካከት የተጻፈው አብዛኛው ነገር ያገለግለዋል።

ሰዓቱን መምረጥ

በአብዛኞቹ የዓለም ጠረፎች ባሕሩ በ24 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜም ይጎድላል። ከሙላቱ ጫፍ እስከ ጉድለቱ ጫፍ ያለው ጊዜ በአማካይ 6 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ያህል ነው። የሙላቱ ሰዓት በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ስለሚዘገይ፣ ዛሬ ለመጥለቅ የተመቸው ሰዓት በሳምንቱ ጨርሶ የማይመች ሊሆን ይችላል። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚሞሉ ጠረፎችም አሉ። በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው የከፍታ ልዩነትም ከቦታ ቦታ እጅግ ይለያያል፤ በአንዳንድ ባሕሮች ከጥቂት አሥር ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ሲሆን፣ በካናዳ በሚገኘው የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ግን እስከ 16 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ የአንዱን ጠረፍ ልማድ ይዞ ወደ ሌላው መሄድ አደገኛ ነው፤ የሚጠልቁበትን ቦታ የሙላትና የጉድለት ሰንጠረዥ አስቀድመው ያግኙ።

ሰንጠረዡን ሲያነቡ ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን የከፍታውንም ልዩነት ይመልከቱ። ጨረቃ አዲስ በምትሆንበትና ሙሉ በምትሆንበት ሰሞን የጨረቃና የፀሐይ ስበት ስለሚደጋገፍ ሙላቱ ከፍ፣ ጉድለቱም ዝቅ ይላል፤ ብዙ ውኃ በዚያው በስድስት ሰዓት ውስጥ መግባትና መውጣት ስላለበትም ጅረቱ ይበረታል። ጨረቃ በግማሽ በምትታይበት ሰሞን ልዩነቱ ይጠባል፣ ጅረቱም ይለዝባል። ቦታውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጎበኝ ሰው ይህን ሁለተኛውን ሰሞን ቢመርጥ መልካም ነው።

በአንድ ሙላት ወይም ጉድለት ውስጥም ውኃው የሚንቀሳቀሰው በእኩል ፍጥነት አይደለም። መርከበኞች ከጥንት ጀምሮ የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ፤ ከጠቅላላው ልዩነት በመጀመሪያው ሰዓት አንድ አሥራ ሁለተኛው፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሦስት ሦስት፣ በአምስተኛው ሁለት፣ በስድስተኛው ደግሞ አንድ አሥራ ሁለተኛው እጅ ይንቀሳቀሳል። ልዩነቱ 2.4 ሜትር ቢሆን፣ በመጀመሪያው ሰዓት 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚለወጠው ውኃ በሦስተኛውና በአራተኛው ሰዓት በእያንዳንዱ 60 ሴንቲ ሜትር ይለወጣል ማለት ነው። ጅረቱ የሚበረታው በእነዚህ መካከለኛ ሰዓታት ነው። በሙላቱና በጉድለቱ ጫፍ ላይ ግን ውኃው ለጥቂት ጊዜ የሚረጋ ሲሆን፣ ጠላቂው የሚፈልገውም ይህን የእርጋታ ጊዜ ነው።

ከሁለቱ እርጋታዎች የሙላቱ እርጋታ ይመረጣል። ከውጭ የገባው የባሕር ውኃ ንጹሕ ስለሆነ በደንብ ያሳያል፤ ውኃው ወደ ዳርቻው ስለሚቀርብም ከባድ መሣሪያ ተሸክሞ በጭቃ ላይ ረጅም መንገድ መጓዝ ይቀራል፤ በባሕር ሣሩ ላይም ሣሩን ሳይነኩ ለመዋኘት የሚበቃ ውኃ ይኖራል። ጉድለቱ ሲጀምር ግን ውኃው ከጭቃማው ሜዳ ላይ ደለል እየጠረገ ስለሚወርድ ውኃው ይደፈርሳል፤ ከዚህ ይልቅ አሳሳቢው ነገር ጅረቱ ጠላቂውን ወደ ሰላጤው አፍና ወደ ውጭው ባሕር የሚገፋው መሆኑ ነው። ሰንጠረዡ ሙላቱ የሚያበቃበትን ሰዓት ካሳየ፣ ከዚያ 45 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ገብቶ፣ ጉድለቱ ሳይበረታ ማለትም ከሙላቱ በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወደ ዳርቻ መመለስ ለብዙ ቦታዎች የሚስማማ ዕቅድ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አፉ ጠባብ በሆነ ሰላጤ ውስጥ ውኃው የሚረጋበት ሰዓትና ሰንጠረዡ ላይ የተጻፈው የሙላት ሰዓት ላይገጥሙ ይችላሉ፤ በውጭ ያለው ባሕር መጉደል ከጀመረ በኋላም ውኃ በጠባቡ አፍ ወደ ውስጥ መግባቱን ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ሰንጠረዡን ይዘው፣ ዓይንዎንም አይተዉ። ከመግባትዎ በፊት በውኃው ላይ የሚንሳፈፈው አረፋና ቅጠል ወዴት እንደሚሄድ፣ የታሰሩ ጀልባዎች ፊታቸውን ወዴት እንዳዞሩ፣ የተንሳፋፊ ምልክቶች ገመድ ወዴት እንደተወጠረ ጥቂት ቆመው ይመልከቱ። ቦታውን በደንብ የሚያውቁ ዓሣ አስጋሪዎች ካሉም እነርሱን መጠየቅ ከማናቸውም ወረቀት የበለጠ ሊጠቅም ይችላል።

ከሁሉ በላይ የምመክረው ግን፣ ከመጥለቅ በፊት ባለው ጉድለት ወደ ቦታው ሄዶ ባዶውን ወለል መመልከት ነው። ውኃው ሲሸሽ ሙላቱ የሸፈነው ሁሉ ይገለጣል፤ ስለታም ድንጋዮች የት እንዳሉ፣ እግር የሚውጠው ጭቃ ከየት እንደሚጀምር፣ ጅረቱ የሚወርድበት ቦይ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ የባሕር ሣሩ መስክ ምን ያህል እንደሚሰፋ በዓይን ይታያል። መግቢያውንና መውጫውን በዚያ ጊዜ መርጦ፣ ከዳርቻው ላይ የማይንቀሳቀሱ ሁለት ምልክቶችን፣ ለምሳሌ አንድ ትልቅ ዛፍና አንድ ሕንፃ፣ በአእምሮ መያዝ በኋላ ከውኃ ውስጥ ብቅ ብሎ አቅጣጫ ለማወቅ ይረዳል።

የአየሩ ጠባይም ከሰዓቱ ጋር መመዘን አለበት። ወደ ዳርቻ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ ሞገድ ያስነሣል፣ ወለሉንም ያደፈርሳል፤ ወደ ውጭ የሚነፍሰው ደግሞ ውኃውን ከላይ ጸጥ ያለ ቢያስመስለውም በላይ የሚዋኘውን ሰው ከዳርቻ ያርቀዋል። ከከባድ ዝናብ በኋላ ወንዞች የሚያመጡት ደለልና ቆሻሻ በሰላጤው ውስጥ ሲቆይ ሁለት ሦስት ቀን መታገሥ ይገባል። ቦታው የተከለለ የተፈጥሮ ጥበቃ ወይም የጀልባ መተላለፊያ መሆን አለመሆኑን፣ ፈቃድ የሚያስፈልግ መሆኑንም አስቀድሞ ማጣራት ግዴታ ነው።

አየር፣ ክብደትና ልብስ

12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር ይኖረዋል። በ5 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ ከላይ ካለው አንድ ተኩል እጥፍ ስለሆነ፣ በላይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው በዚያ ጥልቀት 30 ሊትር ይጠቀማል። ለመጠባበቂያ 50 ባር ማለትም 600 ሊትር ቢቀር፣ የተረፈው 1,800 ሊትር ለ60 ደቂቃ ይበቃል። ጠላቂው ይበልጥ ከተረጋጋ ወይም ጥልቀቱ ከዚህ ካነሰ አየሩ ከዚህም በላይ ይቆያል። እንግዲህ ከላይ ከተጠቀሰው የእርጋታ ጊዜ ጋር ሲነጻጸር፣ አየሩ ሳያልቅ ውኃው መዞር የሚጀምርበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ስለዚህ የግፊት መለኪያው ብዙ አየር መኖሩን ቢያሳይም እንኳ፣ የመመለሻው ሰዓት ሲደርስ መመለስ ያስፈልጋል፤ ይህን ከጓደኛዎ ጋር በዳርቻው ላይ ሳሉ ተነጋግረው ይወስኑ።

በዝቅተኛ ጥልቀት ሰውነትን በአንድ ከፍታ ላይ ማንሳፈፍ ከጥልቁ ይልቅ ይከብዳል። ምክንያቱም ግፊቱ በንጽጽር በፍጥነት የሚለዋወጠው ከላይ ባሉት 10 ሜትሮች ውስጥ ነው። በማንሳፈፊያ ሰደርያ ውስጥ ያለ አየር ከ30 ሜትር ወደ 20 ሜትር ሲወጣ አንድ ሦስተኛ ብቻ ሲጨምር፣ ከ10 ሜትር እስከ ላይ ግን እጥፍ ይሆናል። ከዚህም ሌላ 12 ሊትሩ ሲሊንደር ከ200 ወደ 50 ባር ሲወርድ ከ2 ኪሎ ግራም በላይ ይቀላል፤ መጀመሪያ ላይ በትክክል ይሰምጥ የነበረ ሰው በመጨረሻው ላይ ሳይፈልግ ወደ ላይ ሊንሳፈፍ ይችላል። የክብደቱን ልክ ለማወቅ አየሩ ወደ 50 ባር በቀረበ ሲሊንደር፣ ሰደርያውን ባዶ አድርጎ፣ ትንፋሽን በመጠን ይዞ በቁም መንሳፈፍና የውኃው መስመር ዓይን ጋ መሆኑን፣ ትንፋሽ ሲወጣ ደግሞ ቀስ ብሎ መስመጥን ማረጋገጥ ነው። ክብደት አብዝቶ መያዝ ግን መፍትሔ አይደለም፤ ከልክ በላይ የከበደ ጠላቂ ወለሉን በእግሩ እየደበደበ ደለሉን ያስነሣል፣ ሊያያቸው የመጣቸውን ፍጥረታትም ያባርራል።

ውኃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር ወደ 25 እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ይወስዳል። ሳይንቀሳቀሱ ለረጅም ጊዜ መቆየት የዚህ ዓይነቱ ጥለቃ ዋና ዘዴ ስለሆነ፣ ጠላቂው በሌላ ጊዜ ከሚለብሰው አንድ ደረጃ ወፈር ያለ የመጥለቂያ ልብስ ቢለብስ ይሻላል። ጫማው ሶሉ ጠንካራ ይሁን። በጠራራ ፀሐይም ቢሆን ትንሽ የእጅ ባትሪ ይዞ መግባት ይጠቅማል፤ ቀይ ቀለም በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ውስጥ እየደበዘዘ ስለሚጠፋ፣ ግራጫ የሚመስለው ድንጋይ በባትሪ ሲበራበት ስፖንጅ በሚባሉ፣ ተጣብቀው በሚኖሩ ቀይና ብርቱካናማ የባሕር እንስሳት የተሸፈነ ሆኖ ይገኛል። ኮምፓስ፣ ሰዓት፣ ፊሽካና በገመድ የሚጎተት ተንሳፋፊ ምልክት ከጠላቂ ባንዲራ ጋር አይቅሩ። ጥልቀት በሌለው ውኃ ትልቁ ስጋት ጀልባ ነው፤ ድምፅ በውኃ ውስጥ ከአየር ከአራት እጥፍ በላይ ስለሚፈጥን የሞተሩን ድምፅ ቢሰሙም ከየት እንደሚመጣ ማወቅ አይችሉም።

መግባት

መሣሪያውን ከውኃው ውጭ ከጓደኛ ጋር እየተፈታተሹ ካዘጋጁ በኋላ፣ ማስኩን ፊት ላይ አድርገው፣ መተንፈሻውን አፍ ውስጥ ይዘው፣ የእግር መቅዘፊያውን በእጅ ይዘው እስከ ወገብ ይግቡ። እግርን እያነሡ መርገጥ ሳይሆን ወለሉን እያስታከኩ መጎተት ያስፈልጋል። በአሸዋ ውስጥ የተቀበረ ስቲንግሬይ የሚባል ጠፍጣፋ ዓሣ የእግሩን ንዝረት ሲሰማ ይሸሻል፤ ከላዩ ከተረገጠ ግን በመርዛማው የጭራ እሾህ ይወጋል። መቅዘፊያውን በወገብ ውኃ ውስጥ አንዱ የሌላውን ትከሻ ይዞ ማጥለቅ ይቻላል። ከዚያም በውኃው ገጽ ላይ ተንሳፍፎ ወደታሰበው ቦታ መሄድ፣ አየርም ማስቀረት ነው።

ከመውረድዎ በፊት ኮምፓሱን ከዳርቻው በቀጥታ ወደ ውጭ በሚወስደው አቅጣጫ ያስተካክሉ፤ መመለሻው የዚያ ተቃራኒ ነው። ወለሉም ራሱ ይመራል፤ ሞገድ በአሸዋ ላይ የሚሠራቸው ሽንሽኖች አብዛኛውን ጊዜ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ስለሚሆኑ፣ እነርሱን አቋርጠው እየሄዱ ጥልቀቱ እየቀነሰ ከመጣ ወደ ዳርቻ እየሄዱ ነው። ጅረት ካለ ጉዞውን በጅረቱ ተቃራኒ ጀምሮ ሲመለሱ ከጅረቱ ጋር መምጣት ድካምን ይቀንሳል።

አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባም፤ በሲሊንደር የሚተነፍስ ሰው በምንም ጥልቀት ትንፋሹን መያዝ የለበትም። ሳንባው ሞልቶ ትንፋሹን ይዞ ከወጣ፣ ከአንድ ሜትር ጥቂት ከሚበልጥ ጥልቀት እንኳ የሳንባ ጉዳት ሊደርስበት ይችላል። ጥልቀቱ ትንሽ ነውና ብሎ በየጥቂቱ እየወጡ መመለስም ጆሮንና ሳንባን ያስቸግራል፤ ለመነጋገር የእጅ ምልክት ይበቃል። ወደ ላይ ሲወጡም በደቂቃ ከ9 ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት ይሁን።

ማየት

በሰላጤ ውስጥ የሚጠልቅ ሰው የሚያየው በሸፈነው ርቀት ልክ አይደለም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰፊ ቦታ የሚያካልል ጠላቂ ባዶ አሸዋና ባዶ ሣር ብቻ አይቶ ሊመለስ ይችላል፤ በዚያው ሰዓት አንዲት ጠባብ ስፍራን የሚመረምር ግን መጀመሪያ ያልታየው ሁሉ አንድ በአንድ ይገለጥለታል። ምክንያቱም በዚህ ስፍራ የሚኖሩ ፍጥረታት በሕይወት የቆዩት በመደበቅ ነው፤ ዓይን ቅርጻቸውን ከአካባቢው ለመለየት ጊዜ ይፈልጋል፣ እነርሱም ጠላቂው ጉዳት እንደማያደርስ አውቀው ለመውጣት ጊዜ ይፈልጋሉ። ከወለሉ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ እግርን ከጉልበት አጥፎ ወደ ጎን እንደ እንቁራሪት በመቅዘፍ በዝግታ መሄድ፣ ከዚያም በሚያጠራጥር ነገር ሁሉ ፊት ቆሞ ለጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ተገቢ ነው። ነገሮች በውኃ ውስጥ በማስክ ሲታዩ አንድ ሦስተኛ ያህል ተልቀው፣ አንድ አራተኛ ያህልም ቀርበው እንደሚታዩ ማስታወስ መልካም ነው።

ከአሸዋው መጀመር ጥሩ ነው፤ አሸዋ ባዶ ይመስላል እንጂ ባዶ አይደለም። ሁለት ትናንሽ ጉብታዎች ጎን ለጎን ብቅ ብለው ከታዩ የጠፍጣፋ ዓሣ ዓይኖች ሊሆኑ ይችላሉ። ይህ ዓሣ ሲፈለፈል እንደ ሌሎች ዓሦች በሁለቱም ጎኑ ዓይን ያለው ሲሆን፣ እያደገ ሲሄድ አንዱ ዓይኑ ወደ ሌላው ጎን ይዛወርና በአንድ ጎኑ ተኝቶ ይኖራል፤ ቀለሙንም እንደ ወለሉ ይለውጣል። ሰፋ ያሉ ክብ ጉድጓዶች ስቲንግሬይ ምግብ ፍለጋ አሸዋውን የቆፈረባቸው ቦታዎች ሊሆኑ ይችላሉ። በሞቃት ባሕሮች ደግሞ በአንድ ጉድጓድ አፍ ላይ ትንሽ ጎቢ ዓሣ ቆሞ ከታየ፣ ሳይጠጉ መጠበቅ ይገባል፤ ከውስጥ አሸዋ እየገፋ የሚወጣ ሽሪምፕ ሊኖር ይችላል። ጉድጓዱን የሚቆፍረውና የሚጠግነው ዓይኑ ደካማ የሆነው ሽሪምፕ ነው፤ ከጉድጓዱ በወጣ ቁጥር አንቴናውን በዓሣው አካል ላይ ያሳርፋል፣ ዓሣውም አደጋ ሲያይ ጭራውን በማርገብገብ ያስጠነቅቀዋል። ጠላቂው በድንገት ከቀረበ ሁለቱም ይገባሉ፤ እንደገና እስኪወጡ ድረስ ብዙ መጠበቅ ያስፈልጋል።

የባሕር ሣሩ መስክ የሰላጤው ሀብት ነው። የባሕር ሣር አልጌ አይደለም፤ ሥር፣ ቅጠልና አበባ ያለው፣ በውኃ ውስጥ የሚያብብ እውነተኛ ተክል ሲሆን በዓለም ላይ ከ60 የሚበልጡ ዝርያዎች አሉት። በመስኩ ላይ በቀጥታ ከመዋኘት ይልቅ ሣሩና አሸዋው በሚገናኙበት ጠርዝ መሄድ የተሻለ ያሳያል። የባሕር ፈረስ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ የሚፈልግ ሰው ፈረስ የሚመስል ቅርጽ መፈለጉን ትቶ፣ ከሣሩ ጋር የማይወዛወዝ ወይም ከቅጠሉ ወፈር ብሎ የሚታይ አንድ ግንድ ይፈልግ። የባሕር ፈረስ ጭራውን በሣሩ ላይ ጠምጥሞ ቆሞ ይኖራል፤ ሁለቱ ዓይኖቹ ለየብቻቸው ይንቀሳቀሳሉ፤ እንቁላሉን በከረጢቱ ተሸክሞ የሚወልደውም ወንዱ ነው። ዋናው ደካማ ስለሆነ ከሣሩ ከተነቀለ በጅረት ሊወሰድ ይችላል፤ ስለዚህ ለፎቶ ብሎ ማዞር፣ በጣት መግፋት ወይም ብልጭታ ደጋግሞ ማብራት ፍጹም አይገባም። በዚያው ሣር ውስጥ እንደ ቅጠል የቀጠነ፣ የባሕር ፈረስ ዘመድ የሆነ ቀጭን ዓሣም ይገኛል።

ድንጋይ፣ የቆየ የወደብ ምሰሶ ወይም ማናቸውም ጠንካራ ነገር ሲገኝ ደግሞ ጊዜ ወስዶ ዙሪያውን መመርመር ያስፈልጋል፤ በአሸዋና በጭቃ በተሞላ ሰላጤ ውስጥ የሚጣበቁበት ነገር የሚሹ ፍጥረታት ሁሉ የሚሰበሰቡት በዚያ ነው። ከድንጋይ ሥር የሸርጣን ቅርፊትና የተከፈቱ ዛጎሎች ተከምረው ከታዩ የኦክቶፐስ ቤት መሆኑን ይጠርጥሩ፤ በልቶ የጣለው ትርፍ ነው። ኦክቶፐስ ሦስት ልብ፣ በመዳብ ምክንያት ሰማያዊ የሆነ ደምና ቀለሙንም የቆዳውን ሸካራነትም በቅጽበት የሚለውጥ አካል አለው። ከቤቱ ጥቂት ርቀው፣ ዝቅ ብለው፣ ሳይንቀሳቀሱ ከቆዩ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ አንድ ዓይኑን ያወጣል፣ ጥቂት ቆይቶም ሊወጣ ይችላል። በምሰሶው ላይ በስፖንጅና አበባ በሚመስሉት አኔሞኖች መካከል ኑዲብራንክ የሚባሉት ቅርፊት የሌላቸው ባለ ደማቅ ቀለም ቀንድ አውጣዎች ይገኛሉ። ዝርያቸው ከ3,000 ይበልጣል፤ አንዳንዶቹ የሚናደፉ እንስሳትን በልተው የመናደፊያውን ሕዋስ ሳያጠፉ በጀርባቸው ላይ ለራሳቸው መከላከያ ያደርጉታል። ብዙዎቹ ከጣት ጥፍር ስለማይበልጡ፣ እነርሱን ለማግኘት የሚበሉትን ስፖንጅ ወይም የጣሉትን እንደ ጥብጣብ የተጠቀለለ እንቁላል አስቀድሞ መፈለግ ይቀላል።

በባዶ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ውስጥ የሚኖረው ሸርጣን፣ አሸዋውን እየዋጠ የሚያጣራው የባሕር ኪያር፣ ሆዱን ከአፉ አውጥቶ ዛጎሉን በራሱ ቤት ውስጥ የሚፈጨው ኮከብ ዓሣም በየቦታው ይገኛሉ። እነዚህ ስለማይሸሹ ለጀማሪ ተመልካች የሚመቹ ናቸው።

በቀን የታወቀ ቦታ በሌሊት ሌላ ቦታ ነው፤ በቀን ተደብቀው የነበሩት ኦክቶፐሶች፣ ሸርጣኖችና ሽሪምፖች በሌሊት ለአደን ይወጣሉ። ቦታውን በቀን በሚገባ ሳያውቁ ግን በሌሊት አይግቡ። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ባትሪ ይያዝ፤ በዳርቻው ላይም በመውጫው ትይዩ መብራት ይቀመጥ። ወለሉ ላይ ከጓደኛ ጋር ተቀራርበው ባትሪውን ወደ ደረት አስጠግተው ቢሸፍኑና እጅዎን ቢያወዛውዙ፣ በአንዳንድ ባሕሮች በውኃው ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕዋሳት ሰማያዊ ብርሃን ሲፈነጥቁ ይታያሉ።

የማይነኩ

ምንም አለመንካት ለሰውም ለፍጥረታቱም የሚበጅ ሕግ ነው። ውብ የሆነ ሕያው የሾጣጣ ቀንድ አውጣ ዛጎል በእጅ ማንሣት በመርዛማ ጥርሱ እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል፤ በሕንድና በፓስፊክ ውቅያኖሶች ጥልቀት በሌለው ውኃ የሚኖረው ባለ ሰማያዊ ቀለበት ኦክቶፐስ ትንሽና የሚያምር ቢሆንም ንክሻው ገዳይ ነው፤ ድንጋይ መስሎ የሚተኛው ስቶንፊሽ የጀርባ እሾህ መርዛማ ነው። የስቲንግሬይ፣ የስቶንፊሽ ወይም ላየንፊሽ የሚባለው ዓሣ መርዛማ እሾህ ሲወጋ የተጎዳውን አካል ቆዳ በማያቃጥል፣ ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ በማይበልጥ ሙቅ ውኃ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ መንከር ሕመሙን ያስታግሣል፤ ይህ ግን ወደ ሐኪም መሄድን አይተካም። የጄሊፊሽ መናደፍ እርዳታ እንደ ዓይነቱ ስለሚለያይ የቦታውን ምክር አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ጨው በሌለው ውኃ ማጠብና ማሸት ግን አይገባም። ድንጋይ ገልብጠው ካዩ፣ ከሥሩ ያሉት ፍጥረታት በብርሃንና በአዳኝ እንዳይጠፉ በዝግታ እንደነበረ መልሱት።

መውጣት

በተወሰነው ሰዓት ይመለሱ። የባሕር ሣሩ ወደ ሰላጤው አፍ መተኛት ከጀመረ ጉድለቱ መጀመሩን ያሳያልና ሰዓትዎ ገና ቢሆንም ጉዞውን ያቁሙ። ጅረት ከያዘዎት ፊት ለፊት መታገል ኃይልን ይጨርሳል፤ ጅረቱ በቦዩ መካከል ስለሚበረታ ወደ ጎን፣ ጥልቀቱ ወደሚያንሰው ውኃ ይዋኙ። በወለሉ አጠገብ ጅረቱ ብዙውን ጊዜ ይለዝባል፤ አየር ካለዎት በዚያ መሄድ ይሻላል። ይህም ካልተሳካ ወደ ላይ ወጥተው ሰደርያውን ነፍተው፣ ተንሳፋፊ ምልክቱን ይዘው፣ በፊሽካና በእጅ ምልክት እርዳታ ይጠይቁ። ሞገድ ባለበት ዳርቻ ሲወጡ መተንፈሻውን ከአፍ ሳያወጡ እስከ ወገብ ድረስ ይዋኙ፤ ቢወድቁም መተንፈስ ይችላሉ።

መሣሪያው በዕለቱ ጨው በሌለው ውኃ ይታጠብ። አንድ ጊዜ ብቻ ከጠለቁ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ቀናት ወይም ደጋግመው ከጠለቁ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆዩ በአውሮፕላን አይሳፈሩ። ያዩትን ፍጥረት ስም ብቻ ሳይሆን ከሙላቱ ጫፍ ምን ያህል ቀድመው እንደገቡ፣ ውኃው በትክክል የረጋበትን ሰዓት፣ ጨረቃዋ በምን ሁኔታ እንደነበረች፣ ነፋሱንና እስከ ስንት ሜትር ይታይ እንደነበረ በማስታወሻ ይያዙ። ሰንጠረዡ በሚለውና ውኃው በረጋበት ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት በብዙ ጥለቃ ሲመዘገብ፣ ለዚያ ሰላጤ ብቻ የሚሠራ የራስዎ የሰዓት ማስተካከያ ይሆናል፤ የሚቀጥለውን ጥለቃ ሰዓት ሲመርጡም በሰንጠረዡ ላይ ይህን ልዩነት ይደምሩ ወይም ይቀንሱ።